እትዬ ተሻለች የነኩት ቁልፍ

«ምንም አልነካሁም እኮ» አሉ እትዬ ተሻለች፣ ሁለቱንም እጆቻቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንስተው ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሺህ ጊዜ። «እንደገና ያስገቡ። እንደገና ያስገቡ። እንደገና ያስገቡ።» ጽሑፉ ከሥር እየፈለቀ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ዓይን አይከተለውም። ከወንበሩ ኋላ የቆመችው ዑምኩልሱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ፕሮግራሙን የጻፉት እሷና ሙዓዝ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ ወረቀት ላይ እየጻፉ ደክመውበታል። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ሊያዩት መጡ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የመጀመሪያውን ተማሪ ዕድሜ እንኳ ሳይቀበል አበደ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙሐዲን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ምንድን ነው የሆነው?»

ሙዓዝ ቀደመ። «የተሳሳተ ቁልፍ ነክተው ነው ቲቸር። ፕሮግራሙ ችግር የለበትም፤ በደንብ ሞክረነዋል።»

አቶ ሙሐዲን ወደ ዑምኩልሱም ዞሩ። ከእሱ ይልቅ እሷን እንደሚያምኑ ሁሉም ያውቃል። «እውነት ነው?»

«ሞክረነዋል» አለች ዑምኩልሱም።

ውሸት አልነበረም። ሞክረውታል። እሷ አስራ ስድስት ብላ አስገብታ ነበር፤ ሙዓዝ ደግሞ መቶ ስድሳ ብሎ አስገብቶ ፕሮግራሙ «እንደገና ያስገቡ» ብሎ ሲመልሰው ሁለቱም በደስታ ጠረጴዛ ደብድበዋል። ብቻ ያቺ ቃል ከአፏ ወጥታ እትዬ ተሻለች ጆሮ ላይ ስታርፍ ሌላ ነገር ሆነች። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ከወንበሩ ተነሡ።

እትዬ ተሻለች ሃያ ዓመት የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል። የእያንዳንዱን ተማሪ ስም፣ ዕድሜና ውጤት በትልልቅ ደብተሮች ላይ በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። በ2014 ጦርነቱ በሐይቅ ከተማ ሲያልፍ ደብተሮቹ ጠፉ፤ የኮምፒውተር ክፍሉም ጠረጴዛ ብቻ ቀረው። ዘንድሮ ሰላም ሲወርድ ዘጠኝ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች መጡና ተማሪው ሁሉ ከቤቱ የተረፈውን የውጤት ካርድ እንዲያመጣ ተጠየቀ፤ መዝገቡ እንደ አዲስ ሊሞላ። በኤክሴልም መሥራት ይቻል ነበር። የኮምፒውተር ክበቡ ኃላፊ መምህር አብዱልመናን ግን «ራሳችሁ ጽፋችሁት ሰው ሲጠቀምበት ነው ትምህርቱ» ብለው ሥራውን ለሁለቱ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጡ። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ።

«ግድ የለም እትዬ ተሻለች» አሉ አቶ ሙሐዲን፣ በጣም በትሕትና። «ይሄ ነገር ለእኛ ዕድሜ አይሆንም። እርስዎ ንብረት ክፍሉን ያግዙ። በእረፍቱ ሁለት ሳምንት ልጆቹ ራሳቸው ካርዱን እያዩ ያስገቡታል።» ከዚያ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ዑምኩልሱም እጅ ላይ አኖሩ።

እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ማንንም ቀና ብለው አላዩም።

በሩ ሲዘጋ ሙዓዝ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያ ሰቀለ። «ሁለት ሳምንት ዑሚ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍሉ የእኛ ነው። ገባሽ?»

ገብቷታል። ዘጠኝ ኮምፒውተር ለስምንት መቶ ተማሪ ነው። ለእሷ የሚደርሳት በሳምንት አንድ ሰዓት ነበር፤ እሱም መብራት ካለ። ቁልፉን መዳፏ ውስጥ ጨበጥ አደረገችው። ደስ አላት፤ ደስታው ግን ሙሉ አልሆነላትም።

ፕሮግራሙን እንደገና ከፈተችና ዕድሜ ሲጠይቃት አንድ ፊደል መታች። ጽሑፉ መሮጥ ጀመረ። «እንደገና ያስገቡ። እንደገና ያስገቡ።»

«ያው» አለ ሙዓዝ። «የተሳሳተ ቁልፍ ነው። ቁጥር አስገቡ እየተባሉ ፊደል ያስገባሉ፤ እኛ ምን እናድርግ?»

«ግን ምን ነክተው ነው?»

«ኧረ ፈታ በይ።»

በዚህ መሐል መምህር አብዱልመናን ከመምህራን ክፍል ወጥተው መጡ። ስክሪኑን አዩና ሳቁ። ከአርባ ያልዘለሉ፣ ጠመኔ ከጃኬታቸው ላይ የማይጠፋ ሰው ናቸው።

«ስካንኤፍን እንደ ኬላ አስቡት» አሉ ወንበር ስበው። ስካንኤፍ ፕሮግራሙ ከኪቦርድ የተጻፈውን የሚቀበልበት ትዕዛዝ ነው። «ቁጥር ብቻ አሳልፍ ብላችሁ ኬላ አቁማችኋል። ፊደል መጣ። ኬላው አላሳለፈውም፤ ግን ወደ መጣበትም አልመለሰውም። ያው እዚያው ቆሟል። እናንተ ደግሞ ዕድሜው ልክ ካልሆነ እንደገና ጠይቅ ብላችሁታል። እንደገና ሲሄድ ማንን ያገኛል?»

«ያንኑ ፊደል» አለች ዑምኩልሱም።

«እስከ መቼ?»

«መብራት እስኪጠፋ» አለ ሙዓዝ፣ ሦስቱም ሳቁ።

«ሰው ይሳሳታል። ፕሮግራም የሚጻፈው እንደሚሳሳት ታውቆ ነው» አሉ መምህሩ እየተነሡ። «መጀመሪያ ግን እትዬ ተሻለች ምን እንደጻፉ ጠይቋቸው። ሳታውቁ የምታስተካክሉት ነገር ጥሩ አይመጣም።»

ሁለቱ ልጆች ተያዩ። በዚያ ቀን ማንም ሊጠይቃቸው አልሄደም።

ዑምኩልሱም ቤት ስትደርስ እህቷ ፈሂማ ግቢ ውስጥ በትልቅ ሳፋ ልብስ እያጠበች ነበር። ፈሂማ ጅዳ አራት ዓመት ሠርታ ባለፈው ዓመት ነው የተመለሰችው። ሳታወራ መሥራት አትችልም፤ ሳታስቅም ማውራት አትችልም።

«ፊትሽ ምን ሆኗል? ፈተና ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም።» ዑምኩልሱም ጫማዋን አውልቃ ከሳፋው ማዶ ቁጢጥ አለችና የታጠበውን ትጨምቅ ጀመር። የሆነውን ነገረቻት፤ ቁልፉን፣ ሁለቱን ሳምንት፣ እትዬ ተሻለችን። «ሞክረነዋል» ያለችውን ብቻ ዘለለችው።

ፈሂማ አረፋውን ከክንዷ ጠረገች። «እኔ ማዳም ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ነካሁልሽ። ቁልፉ ብዛቱ፤ በላዩ የተጻፈው በምን ቋንቋ እንደሆነ አላህ ይወቀው። አንዱን ጫንኩ። ኩሽናው ሐይቅ ሆነ።»

ዑምኩልሱም ሳቀች።

«ወላሂ፣ ጀልባ ነበር የጎደለው። ሴትዮዋ አንድ ወር ሙሉ ጮኸችብኝ። ማሽኑን ገደልሽው፣ ከገጠር መጥተሽ እንዲህ እንዲያ እያለች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን አልነካሁም። በእጄ ነበር የማጥበው፣ የአስር ሰው ልብስ።» ፈሂማ የያዘችውን ሸሚዝ አራግፋ አየችው። «አንድ ቀን ጠጋኙ መጣ። ከፍቶ አየና ‹ቱቦው ድሮም የተቀደደ ነው› አላት። በዓረብኛ ነው ያላት። ያልገባኝ መስሏት ዝም አለች።»

«አልነገረችሽም?»

«ምን ብላ?» ፈሂማ ፈገግ አለች፣ ግን ልብሱን ሳፋው ውስጥ የመለሰችው በኃይል ነበር። «አራት ዓመት ብዙ ነገር አይቻለሁ። ከሁሉም ትዝ የምትለኝ ግን ያቺ ዝምታዋ ናት።»

ዑምኩልሱም የያዘችውን ልብስ ውኃው ካለቀም በኋላ ትጨምቀው ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ንብረት ክፍል ገባች። እትዬ ተሻለች የተሰባበሩ ወንበሮች መሐል ተቀምጠው ጠመኔ በካርቶን ይቆጥራሉ። ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«እንደምን አደሩ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ? ጠመኔ ነው?»

ዑምኩልሱም በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ብዙ ንግግር ነበር፤ አንዱም አልመጣላትም። «እርስዎ አይደሉም ያበላሹት» አለች። «እኛ ነን። ፕሮግራሙ ፊደል ሲገባበት እንደዚያ እንደሚሆን አላወቅንም ነበር። በዳይሬክተሩ ፊት ሞክረነዋል ያልኩት… በደንብ አልሞከርነውም።»

እትዬ ተሻለች ካርቶኑን አስቀመጡ። «ግን እኔ ፊደል አላስገባሁም» አሉ። «ማታም ሳስበው ነበር። አስራ ስድስት ነው ያልኩት። ካርዱ ላይ አስራ ስድስት ነው የሚለው።»

«እንዴት አድርገው እንደመቱት ያሳዩኝ?»

ሴትዮዋ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ፊታቸው ያለውን የቆየ ጠረጴዛ አቧራ በእጃቸው ጠረጉና አስሩንም ጣቶቻቸውን ደርድረው አኖሩ። ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አደረጉ። ጣቶቻቸው ተነቃነቁ። ዑምኩልሱም አፏን ከፍታ ቀረች። እሷና ሙዓዝ በሁለት ሁለት ጣት እየለቀሙ ነው የሚጽፉት። መምህር አብዱልመናን እንኳ ቢበዛ በአራት ጣት ነው። እትዬ ተሻለች ግን ጠረጴዛው ላይ ዝናብ እንደሚጥል ነበር የሚመቱት።

«አስራ ስድስት» አሉ። የቀኝ ቀለበት ጣታቸው ወረደ፤ ከዚያ ሌላው ጣት ወደ ላይ ዘለለ።

«ይቆዩ እትዬ። አንድን በየት ነው የመቱት?»

«በዚህ ነዋ።» የቀለበት ጣታቸውን አነሡ። «ትንሿ ኤል።»

«ኤል?»

«በእኛ ጊዜ ሌላ ምን አለና? ደሴ ታይፕ ስማር የጽሕፈት መኪናው አንድ የሚባል ቁልፍ አልነበረውም። ዜሮም የለውም። ከሁለት ነው የሚጀምረው። አንድ ሲያስፈልግ ትንሿን ኤል፣ ዜሮ ሲያስፈልግ ኦን። ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። ከሠላሳ ሁለት ልጆች አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እዚህ ስቀጠር ግን የጽሕፈት መኪና አልነበረም። ደብተር ሰጡኝ። ትናንት ኪቦርዱ ላይ ስቀመጥ ጣቴ ራሱ ነው መንገዱን ያገኘው። ሠላሳ ዓመት ሆኖት።»

ዑምኩልሱም መጀመሪያ ማልቀስ የመጣባት መስሏት ነበር፤ የመጣው ግን ሳቅ ነው። እትዬ ተሻለችም ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተከትለዋት ሳቁ።

«ታዲያ ያ ኮምፒውተር አንድ አለው?» አሉ ሲበርድላቸው።

«አለው እትዬ። ዜሮም አለው።»

«ጉድ ነው» አሉ እትዬ ተሻለች፤ ከልባቸው ተገርመው።

ፈተና ስላለቀ ክፍል ውስጥ የሚማር አልነበረም። ዑምኩልሱም ከሰዓት በኋላ እሳቸውን ይዛ የኮምፒውተር ክፍሉን ስትከፍት ሙዓዝ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ ነበር። እትዬ ተሻለችን ሲያይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ጆሮው ቀላ።

«ሰላም ነህ ሙዓዝ?» አሉት እንደ ምንም ነገር። «እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እትዬ።» ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ዑምኩልሱም በጠዋቱ የመጀመሪያውን ጥገና ሠርታ ነበር። ስካንኤፍ ስንት ነገር እንደተቀበለ ራሱ ይናገራል፤ መልሱን ይጥሉት የነበሩት እነሱ ናቸው። አሁን መልሱን ታየዋለች፤ ኬላው ላይ የቀረውን ፊደል ሁልጊዜ እስከ ኢንተር ድረስ አንድ በአንድ እየለቀመች ትጥላለች፣ ምንም ካልተቀበለም እንደገና ትጠይቃለች። «አሁን እንደ ትናንቱ ይምቱት» አለች።

እትዬ ተሻለች መቱ። «ቁጥር ብቻ ያስገቡ» አለ ስክሪኑ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ብሎም ቆሞ ጠበቀ።

«ተመስገን» አሉ። ሙዓዝም ሳያስበው አጨበጨበ።

«ኧረ ጥሩ ነው። ታዲያ ሌላም ላስገባ? ቢበላሽ ትቆጡኛላችሁ?»

«እንዲያበላሹት ነው የምንፈልገው» አለች ዑምኩልሱም።

ሰው እንዲያበላሽ ሲለመን እትዬ ተሻለች በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ትንሽ አሰቡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዕድሜ ሲጠይቃቸው ከዜሮ በታች ሦስት አሉት። እንቢ አለ። ባዶውን ኢንተር መቱ። ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ደግመው መቱ፣ ጠበቀ። «ይሄስ ትዕግሥተኛ ነው» አሉ። ስም ሲጠይቃቸው የዑምኩልሱምን ሙሉ ስም በላቲን ፊደል ከእነ አያቷ አንድ ጊዜ ሳይሳሳቱ ዘረገፉት። ፕሮግራሙ ድርቅ ብሎ ተዘጋ።

ሙዓዝ ወደ ኮዱ ሮጠ። ለስም የተቀመጠው ቦታ ሃያ ፊደል ብቻ ነው። «ዑሚ» አለ ሳቁ እያነቀው፣ «ያንቺ ስም የራስሽ ፕሮግራም ውስጥ አይገባም።»

«ያንተ ስም አጭር ስለሆነ ነዋ እስካሁን ያላየነው። ለመሞከሪያ ስንት ጊዜ ሙዓዝ እያልን እንደጻፍን ታውቃለህ?»

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሆነ። ሙዓዝ ይዘጋል፣ እትዬ ተሻለች ይሰብራሉ። አስራ ስድስት ተኩል አሉት። «አስራ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ» ብለው በፊደል ጻፉበት። የድመት መዳፍ ነው ብለው በመዳፋቸው ኪቦርዱን ተጫኑት። በመስኮት የሚያልፉ ልጆች እየቆሙ ያዩ ነበር፤ እትዬ ተሻለችን እንደዚያ ሲስቁ ያየ ተማሪ በትምህርት ቤቱ አልነበረም።

የአንድ ተማሪ ካርድ ይዘው ውጤት የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ ግን እትዬ ተሻለች እጃቸውን አቆሙ። ዓይናቸውን አጥብበው ስክሪኑን አዩ።

«ለሒሳብ ሰማንያ ብዬ ነበር» አሉ። «ስምንት ነው የመዘገበው።»

ዑምኩልሱም ጠጋ አለች። የእጃቸው ልማድ ነው፤ ስምንትን መትተው ዜሮውን በኦ ጽፈውታል። ስካንኤፍ ስምንቱን አሳለፈ፤ ኦውን ሲያይ ቆመ። የእሷ ጥገና ደግሞ የተረፈውን ኦ ለቅሞ ጣለው። ማንም አልጮኸም። ፕሮግራሙ «ተመዝግቧል» ብሎ ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፈ።

ሙዓዝም ሳቁን አቆመ። «ይሄ ካርድ የማን ነው?»

እትዬ ተሻለች ገለበጡት። «የራህማ። የዘጠነኛ ክፍሏ፣ ከአርዲቦ በእግሯ የምትመጣው ልጅ።»

«ሳናየው ቢያልፍ» አለ ሙዓዝ፣ «ሒሳብ ወደቀች ማለት ነው።»

«እኔ ሃያ ዓመት ደብተር ላይ ስጽፍ እንዲህ ያለ ስሕተት አንድ ብቻ ሠርቻለሁ» አሉ እትዬ ተሻለች በዝግታ። «ልጁ እናቱን ይዞ መጣ። እስከ ዛሬ ስሙን አልረሳሁትም።»

ዑምኩልሱም ስምንቷን ቁጥር እያየች ቆየች። ትናንት የሚሮጠው ጽሑፍ ክፉ መስሏት ነበር፤ እሱስ ቢያንስ ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጓል። ይሄ ግን ዝም ብሎ አለፈ። ትናንት እሷም ዝም ብላ ነው ያለፈችው።

ያን ቀን ከሰዓት ሙሉ፣ አርብም ጠዋት ሠሩ። መምህር አብዱልመናን ገብተው አንዴ አይተው «መጀመሪያ መስመሩን በሙሉ ተቀበሉ፤ ከዚያ ራሳችሁ መርምሩት» ብለው ወጡ። ዑምኩልሱም ከስር ጀምራ ጻፈችው። የተጻፈው ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይገባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ምልክት አሃዝ መሆኑ ይታያል፤ አንዲት ፊደል ከተገኘች ሁሉም ይመለስና ሰውየው በትሕትና ይጠየቃል፤ ሁሉም አሃዝ ከሆነ በኋላ ነው ወደ ቁጥር የሚለወጠው፤ ከዚያም ከመቶ መብለጥ አለመብለጡ ይታያል። ሙዓዝ መልእክቶቹን ቀየረ። «እንደገና ያስገቡ» የሚለውን አጥፍቶ «አልገባኝም፤ ቁጥሩን በድጋሚ ይጻፉልኝ» አለው። ለምን እንደቀየረው ስትጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሁን ብዬ ነው» አለ።

እትዬ ተሻለች አንድ ሰዓት ሙሉ ሊሰብሩት ሞከሩ፤ አልተሰበረም። ከዚያ ካርዶቹን አንሥተው፣ አዲሶቹን የአንድና የዜሮ ቁልፎች በጣታቸው እየፈለጉ፣ አስር ተማሪ መዘገቡ። ዑምኩልሱም ሰዓቷን ይዛ ነበር። እሷና ሙዓዝ ለአንድ ካርድ ከሚወስድባቸው ጊዜ ግማሹን እንኳ አልፈጀባቸውም።

«እንግዲህ ከጠመኔዬ ጋር ልገናኝ» አሉ ነጠላቸውን ሲያነሡ። ቅሬታ አልነበረበትም ድምፃቸው፤ ያ ደግሞ ለዑምኩልሱም ከቅሬታ ባሰባት።

እሳቸው ሲወጡ ከጁምዓ ሶላት የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ እያወሩ ያልፉ ነበር። ሙዓዝም ከመስጊድ ገና መመለሱ ነው፤ ፀጉሩ እርጥብ ነበር።

«ዳይሬክተሩ ዛሬ ማታ ወደ ደሴ ይሄዳል አሉ» አለች ዑምኩልሱም። «አሁን ቢሮው ነው።»

ሙዓዝ ወዲያው ገባው። «ምን ሊያደርግልሽ? ተስተካክሏል እኮ። እትዬም አልተቀየሙንም።»

«ንብረት ክፍል ናቸው።»

«ቁልፉን ይቀማሻል ዑሚ።» ቁጣ አልነበረም፤ እየለመናት ነበር። «ሁለት ሳምንት። ያን የምትመኚውን የዓሣ ጌም ራሳችን ልንጽፍ አይደል? ዕድሉ ደግሞ አይመጣም። ከእረፍት በኋላ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።»

ዑምኩልሱም የሁለቱን ሳምንት ጠዋቶች አሰበቻቸው፤ ባዶውን ክፍል፣ ተራ የሚጠብቅ የሌለበትን ስክሪን። ፈለገችው። አንድም ቀን ነገርን እንደዚያ አጥብቃ የፈለገች አልመሰላትም። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ክፍሉን ቆለፈች፣ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ሙዓዝ አልተከተላትም።

አቶ ሙሐዲን የጉዞ ቦርሳቸውን እያሰሩ አዳመጧት። ስለ ኤልና ስለ አንድ ስትነግራቸው ማሰሩን ተዉት። ስለ ራህማ ሰማንያ ስትነግራቸው ተቀመጡ።

«እኔ በደንብ ሳልሞክረው ሞክረነዋል ብያለሁ» አለች መጨረሻ ላይ። «እትዬ ተሻለች በትምህርት ቤቱ ካለ ሰው ሁሉ ፈጣን ናቸው። ሥራው የእሳቸው ነው።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን አላነሡትም። «ይሄን ማንም አልጠየቀሽም» አሉ።

«አዎ ቲቸር።»

«ሙዓዝስ ምን ይላል?»

ዑምኩልሱም መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። «የተሳሳተ ቁልፍ» ያለው ማን እንደሆነ እሳቸውም ያስታውሳሉ። «እኔ የመጣሁት የራሴን ልናገር ነው» አለች።

አቶ ሙሐዲን ቦርሳውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ተላላኪውን ጠርተው «እትዬ ተሻለችን ካሉበት ጥራልኝ» አሉ፤ ለእሷ ደግሞ፣ ፈገግታቸውን በጢማቸው ስር ደብቀው፣ «ክፍሉን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው ናቸው። ካስገቡሽ ትገቢያለሽ» አሏት።

ስትወጣ ሙዓዝን የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም።»

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

ሙዓዝ ወደ ሜዳው ዞረ። ከማዶ፣ ከንብረት ክፍሉ በኩል፣ እትዬ ተሻለች ጠመኔ የነካውን እጃቸውን እያራገፉ ሜዳውን ሲያቋርጡ ይታያሉ፤ ሮጡ እንዳይባል እየተጠነቀቁ፣ ግን በጣም ፈጥነው።

«እሳቸው ሳይደርሱ ልግባ» አለ ሙዓዝ። ተነሣ፣ የሸሚዙን ጫፍ ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ አንዴ ተነፈሰና አንኳኳ።

ዑምኩልሱም የቤት መንገዷን ጀምራ ነበር። ሦስት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ተመልሳ እሱ የተነሣበት ደረጃ ላይ ተቀመጠች።